የሞቀው እጀታ

ሊናዋን፣ ጁላይ 3

ይድረስ ለትንሹ ወንድማችን ለቶቶ ሴልሶ፤ ደማም፣

የበረሃው ፀሐይ ቆዳህን ልጦ ካልጨረሰው ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ዝናቡ ጉልበታችን ደርሷል እንጂ ደህና ነን። እናታችን ናናይ ፔትራ ዓይኗ ጨርሶ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ጉድ ነው፣ ሦስተኛ ቤት ያለ ሰው ሲያስነጥስ ከአልጋዋ ሆና "ይማርህ" ትላለች። "ሆዱን ሸፍኖ ይተኛ በይው" ብላለች። በዚያ ሙቀት እንዴት እንደምትሸፍነው እሷን ጠይቃት።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ስንፍና አይደለም፤ ሹፌር ሆኜ ነው! "ማናንግ፣ እውን ጂፑን የሚነዱት እርስዎ ነዎት ወይስ ሰው ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው?" ላልከው፣ እኔው ነኝ፤ ማናንግ እያልክ እንደ ታላቅ እህት የምታየኝ የወንድምህ ሚስት ፌሊሲታስ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ። ሩፊኖ ከሞተ በኋላ ጂፑ ማንጎው ሥር አራት ወር ቆሞ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። "የሚሸጥ" የሚል ወረቀት ልለጥፍበት ስሄድ፣ ግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም ያጻፋችሁትን "የፔትራ ልጆች" አየሁና ወረቀቱን ቀድጄ ዶሮዋን አባረርኩ። አሁን ጠዋት ዓሣ ሻጮቹን ሳን ሆሴ አደርሳለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ እመልሳለሁ። ሴቶቹ ከኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠው እኔን ያማሉ፤ እኔም መሪውን እንደያዝኩ የረሱትን አስታውሳቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል፤ ቅሬታ የለኝም። ስመለስ ግን፣ ሰዉን አራግፌ መቃብር ቦታው በር ላይ ስቆም (በየቀኑ እቆማለሁ፤ ለሩፊኖ ውሎዬን ሳልነግረው ቤት አልገባም)፣ ሞተሩን አጠፋና ወሬዬን ጨርሼ ቁልፉን ስጠመዝዝ "ጠቅ" ይላል። አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ጸጥ። ሩፊኖ ወሬ ሳበዛበት በምላሱ የሚያሰማትን "ጠቅ" ታስታውሳለህ? "ቆይ አንዴ፣ እኔም ልናገር" ማለቱ የሆነችውን? ቁርጥ እሷን ናት።

ይህን ደግሞ ለልጄ ለማሪቪክ እንኳ አልነገርኳትም። ሦስት አራቴ ሞክሬ እምቢ ሲለኝ፣ ያችን ናፍታውን ለመዝጋት የምንስባትን የሞተር ማጥፊያ እጀታ ስነካት ሞቃ አገኛታለሁ። ሰው ጨብጧት ቆይቶ አሁን የለቀቃት ትመስላለች። ይዣት እቀመጣለሁ። ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ። እጀታዋ ስትቀዘቅዝ ቁልፉን እጠመዝዛለሁ፤ ይነሳል። ለቀቀኝ ማለት ነው። ቶቶ፣ አብዳለች አትበለኝ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ውስጥ አልገባም። መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ምን ልሠራ? እሱ እኮ በሩ ላይ ጂፑ ውስጥ ነው።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሪቪክ በኦክቶበር አጋማሽ ትወልዳለች። ሐኪሙ "ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣው፤ ምጥ እንደጀመራት አንዲት ደቂቃ ሳትዘገዩ አምጧት፣ የቤት አዋላጅ እንዳትነካት" ብሏል። ባሏ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወደ ኔግሮስ ደሴት ይሻገራል። በሊናዋን ጎማ ያለው ነገር የእኛ ጂፕና የቄሱ ብስክሌት ብቻ ናቸው። ያን ቀን እንዲለቀኝ ሩፊኖን እየለመንኩት ነው። አንተም መካኒክ ነህና፣ እሱን የማይከፋው መላ ካለህ ጻፍልኝ።

ማናንግህ ሲታስ

*

ደማም፣ ጁላይ 24

ለተከበሩ ማናንግ ሲታስ፣

እጅዎን ከሩቅ ወስጄ ለአክብሮት ግንባሬ ላይ አድርጌያለሁ። የናናይንም እንዲሁ።

የባትሪውን ሁለቱን ራሶች ፈትታችሁ እስኪያበሩ ፋቋቸው። እምቢ ሲል የፊት መብራቱን አብሩ፤ መብራቱ ከደከመ ባትሪው ነው። መብራቱ ካልደከመ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሌላው ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ ይምታው። ከተነሳ ውስጡ ያሉት ካርቦኖች አልቀዋል፤ ኤልፒዲዮ ይቀይራቸው። የቁልፉን ሽቦም ይመልከት። ይኸው ነው።

ስለ እጀታዋ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት።

ማሪቪክን በዚያ ጂፕ አይውሰዷት። ሳን ሆሴ ዘመድ ጋ አስቀድመው ያስቀምጧት።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ያኔ ሲጽፉልኝ ሩፊኖ በእንቅልፉ፣ ሳይሰቃይ ሄደ ብለውኝ ነበር። እንደዚያ ነው?

ታናሽዎ ሴልሶ

*

ሊናዋን፣ ኦገስት 15

ለቶቶ ሴልሶ፣

አጭር ደብዳቤህ ደርሶኛል። ወረቀት እዚያ በግራም ነው እንዴ የሚሸጠው? ጤናህን እንኳ ሳትጽፍ! ለማንኛውም እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡም ትንሽ አረፈ፣ አሳማዋም ሰባት ወለደች።

ያዘዝከውን ሁሉ አድርገናል። የባትሪውን ራሶች እኔው ራሴ ፋቅኳቸው፤ እንደ ሙሽራ ቀለበት ያበራሉ። መዶሻውን ናናይ ያዘች። "አታይም እኮ!" ስላት "ድምፁን እሰማለሁ፣ አንቺ ቁልፍሽን ጠምዝዢ" አለችኝ። መታችው፤ ተነሳ! እልል አልን። በማግስቱ መታችው፤ አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ሳትመታው ተነሳ። "ይሄ ነገር እንደ አባቱ ነው፣ ሲመቱት አይሰማ፣ ሲተዉት ይታዘዝ" ብላ መዶሻውን ወረወረችው፤ ዶሮዋ ለጥቂት ተረፈች።

መካኒካችን ኤልፒዲዮም መጣ። ሞተሪኖውን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ከባትሪ ጋር አገናኘው፤ እንደ እብድ ጥጃ ዘለለ። ካርቦኖቹንም ቢሆን ቀየራቸው። አራት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ። እኔማ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በአራቱ ቀን ውስጥ እንጀራ እንደቀረባት ሰው ከፋኝ። በሩ ላይ ቆሜ ወሬዬን ስጨርስ ወዲያው ሲነሳ፣ አነጋግሬው ፊቱን ያዞረብኝ መሰለኝ። አርብ ዕለት ግን ዓሣ ሻጮቹ ሳይወርዱ "ጠቅ"።

ምን ያህል እንዳሾፉብኝ! "ማናንግ ሲታስ፣ ባልሽ ቀናተኛ ነበር እንዴ?" ትላለች አንዷ። "የቀረው ዓሣዬ ከሚሸት ቶሎ ልቀቃት በዪልኝ" ትላለች ሌላዋ። አሮጊቷ ኮራሶን ግን አማተበችና ወርዳ በእግሯ ሄደች። መብራቱን አበራሁ፤ ቦግ እንዳለ ነው፣ ምንም አልደከመም። እጀታዋ ትኩስ ነበረች። ኤልፒዲዮ ራሱን እየፎከተ "ባትሪው ጤነኛ፣ ሞተሪኖው ጤነኛ፤ በሽተኛው ታዲያ ማነው?" አለ። ስለ እጀታዋ አልነገርኩትም። የእኔ ናት።

ዘመድ ጋ አስቀምጧት ላልከው፣ የአክስትህን ልጅ ጣሪያ አውሎ ነፋስ ከወሰደው ወዲህ እነሱም ሰው ጋ ነው ያሉት።

ለመጨረሻው ጥያቄህ፣ በእንቅልፉ ነው ብዬሃለሁ። በእንቅልፉ ነው። ከአሳማዎቹ አንዷን ላንተ ብለናታል፣ ስትመጣ ትደርሳለች።

ሲታስ

*

ሊናዋን፣ ሴፕቴምበር 19

ለቶቶ ሴልሶ፣

ሁለት ደብዳቤ ተከታትሎ ደርሶኛል። ጤናህን በመጻፍህ ደስ ብሎናል፤ እንቅልፍ እምቢ ማለቱ ግን አላማረንም፤ ናናይ የሎሚ ቅጠል ትራስህ ሥር አድርግ ብላለች። ጂፑን ሽጬ በምትልከው ሌላ እንድገዛ ላልከው፣ አመሰግናለሁ፤ አልሸጥም። "ለምን?" አትበለኝ፤ ይልቅ አንተ ለምን እንዲሸጥ ይህን ያህል እንደፈለግህ ደርሼበታለሁ፤ ከታች እጽፍልሃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ማሪቪክን ለምርመራ ሳን ሆሴ ወሰድኳት። ስንመለስ ገበያው አጠገብ ውኃ ልትጠጣ አቆምኩ። እኩለ ቀን ነው። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ጠቅ። ደገምኩ። ጠቅ። የልማዴን ፈገግ ብዬ እጀታዋን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ልጄ ከጎኔ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ "ታታይ፣ እባክህ ልቀቀን! ታታይ፣ እባክህ!" ብላ እሪ አለች። ለካ እሷም ሰምታ ኖሯል፤ መንደሩ ሁሉ ያወራል። አባቷን እየለመነች አለቀሰች።

ቶቶ፣ ሩፊኖ በሕይወቱ ይህችን ልጅ አስለምኗት አያውቅም። ገና ሳትጠይቀው ይሰጣት የነበረ ሰው ነው። እጄን ከእጀታዋ ላይ አነሳሁ። እሱ አይደለም፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ይለቃት ነበር። ብረት ነው።

የገበያው ሰው ገፍቶ አስነሳን። ማሪቪክን ቤት አስገብቼ በቀጥታ ኤልፒዲዮ ጋ ሄድኩና ስለ እጀታዋ ሁሉንም ነገርኩት። የያዘው ካቻቪቴ ከእጁ ወደቀ።

"ሞቃ? ሽቦዋ ጭምር?"

"እንደ ሰው እጅ።"

"አንቺ ሴት! ይህን ስድስት ወር ሙሉ ደብቀሽኝ ኖረሻል?"

ከዚያ እንደ ተማሪ አስተማረኝ። ከባትሪው በቀዩ ካቦ፣ ማለት በወፍራሙ ሽቦ፣ የወጣ ኃይል በጥቁሩ ካቦ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ጥቁሩን ማሳ ይሉታል። የማሳው መንገድ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ከሞተሩ አካል ጋር የተያያዘች ቀጭን ሽቦ ካገኘ በእሷ ይሄዳል። ያች ሽቦ የእጀታዋ ሽቦ ናት። ዝሆን በአይጥ ጉድጓድ ሲገባ ጉድጓዱ ይሞቃል አለኝ። ሞተሩ ሲግል ብረቱ ይላወሳል፣ መንገዱ ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ይኸው ነው።

ሌላ ካቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከባትሪው፣ ሌላውን ከሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ነካው። በጋለ ሞተር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ኤልፒዲዮ አልሳቀም። "ሴልሶ ስለ ማሳው ምንም አልጻፈልሽም?" አለኝ። "አልጻፈልኝም" አልኩት። "ይገርማል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ መጀመሪያ ያስተማርኩት ነገር ነው። ሞተሪኖ እምቢ ሲል ከሁሉ በፊት ማሳውን እይ ብዬ።"

የጥቁሩን ካቦ ብሎን ፈታው። በካቦውና በሞተሩ መካከል አንድ ነገር ተጣብቆ ነበር፤ በካቻቪቴ ፈለቀቀው። አረንጓዴ ዝገት ያበቀለች፣ የሳሳች፣ የሻማዋ እመቤታችን ሥዕል ያለባት የአንገት ሜዳይ። ቤት ወስጄ ለናናይ ሰጠኋት፤ በጣቷ ዳበሰቻትና ከጀርባዋ በምስማር የተጫረውን ፊደል አገኘችው። "የትንሹ ልጄ ናት" አለች። "የትልቁን ከእሱ ጋር ቀብረናታል።"

እንግዲህ እኔም የደበቅኩትን ላውጣ። ሩፊኖ በእንቅልፉ አልሞተም። ከሳን ሆሴ ተመልሶ፣ ከጂፑ ወርዶ ደረቱን ያዘ። ከኋላ አስተኛነው፣ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ኤልፒዲዮ ቁልፉን ጠመዘዘ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ስድስት ሰው ገፋው፤ አሸዋው ይዞት ነበር። ጂፑ ሲነሳ ሩፊኖ ጭኔ ላይ በድን ሆኖ ከብዶኝ ነበር። ሞተሪኖውን ከመሄድህ በፊት የገጠምከው አንተ ስለሆንክ፣ እንዳትሰማ ብዬ ዋሸሁህ። ከቀብሩ በኋላ ኤልፒዲዮ "ልየው" ሲለኝ "እጅህን እንዳታሳርፍበት" ያልኩትም እኔ ነኝ። የብረት ጥፋት ከሚሆን የሩፊኖ ድምፅ ይሁን አልኩ።

አልቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ በረሃ አንገትህ ባዶ ነው?

ሲታስ

*

ደማም፣ ሴፕቴምበር 17

ለማናንግ ሲታስ፣

ይህ እንደደረሰዎት ሌላውን ሥራ ትተው የጥቁሩን ካቦ ብሎን ያስፈቱ። ሞተሪኖው አጠገብ ያለውን። ከሥሩ የሚያገኙትን ያውጡ፤ ሁለቱን ብረት እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ምንም ሳያስገቡ አጥብቀው ይሰሩት። ማሪቪክ ሳትወልድ፣ እባክዎን።

የእኔ ሜዳይ ነው። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ሞተሪኖውን ስገጥም አደረግኩት። ቤት ስንሠራ ምሰሶው ሥር ሳንቲም እንደምናኖረው፣ ለሩፊኖ ጠባቂ ትቼለት ልሂድ ብዬ። ናናይ ከአንገቴ እንዳላወልቀው አስምላኝ ነበር። መሃላዬን ያፈረስኩት ለእሱ ስል ነው። ብር ይመስለኝ ነበር፤ ቅብ ነው። ብር ቢሆንም መካኒክ እንዲህ አያደርግም።

ስለ እጀታዋ ሲጽፉልኝ ወዲያው ገባኝ። ስለዚያ ቀንም አውቃለሁ፤ ከገፉት ስድስቱ አንዱ በጃንዋሪ እዚህ ለሥራ መጥቶ ነገረኝ። እርስዎ ግን ሩፊኖ ነው ብለው ተደስተው ነበር። እኔም እውነቱን ስጽፍ ሁለቴ የምገድለው መሰለኝ። ስለዚህ ስለ ካርቦን ጻፍኩ።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።

ሴልሶ

*

ሊናዋን፣ ኦክቶበር 23

ለምወድህ ለቶቶ ሴልሶ፣

በመጀመሪያ፣ አያት ሆነሃል! ወንድ ነው፤ እግሩን አስቀድሞ የመጣ፣ ልክ ቡና ቤት እንደሚገባ ሰካራም። ማሪቪክ ተሰፍታለች ግን ተቀምጣ ሩዝ በዓሣ ትበላለች። ናናይ ጣቶቹን ቆጥራ "አሥር ናቸው፣ ይበቃል" ብላለች።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ያንተ ሲደርሰኝ ብሎኑ ከታሰረ ሳምንት አልፎት ነበር። ሁለቴ አንብቤ ለናናይ አነበብኩላት። እሷም "አንገቱን ይበርደዋል" አለች። ሌላ ቁጣ የላትም። ሜዳይዋን በሎሚ አጥባ፣ በአመድ ወልውላ ክር አግብታላታለች፤ ፖስታው ውስጥ ታገኛታለህ። ካንተ ጋር እንጂ ከብረት ጋር አትስማማም። አንገትህ ላይ አድርጋት።

ሩፊኖን ሜዳይዋ ገደለችው ወይ ለሚለው፣ ይህን ስላልጠየቅከኝ እኔ ልጠይቅልህ፤ አላውቅም። ሐኪሙም ቢሆን ቶሎ ብትደርሱ ይድን ነበር ወይም አይድንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሊሆን ይችላል። አልዋሽህም፤ ካሁን በኋላ አንተና እኔ አንዋሽም። ግን አንተ ወደኸው አስቀመጥካት፤ እኔም ወድጄው ዓመት ሙሉ አላስወጣ አልኩ። ልጄ እሪ እስክትል ድረስ። ከሁለታችን ማን ማንን ይቅር ይበል? ናናይ ሁለታችንንም "ደደቦች" ብላናለች፤ በእሱ እንለፈው።

አሁን ስለ ምጡ ልንገርህ። ኦክቶበር 13፣ ከሳን ሆሴ ገና መመለሴ ነው፤ ሞተሩ እንደ ምድጃ ግሏል። ማሪቪክ ከደጅ ተጣራች። መንደሩ ሰማ። ማንም ሳይጠራቸው ወንዶቹ ከየቤታቸው ወጡ፤ ስድስት ናቸው። አምስቱ ያን ቀን ለሩፊኖ የገፉት ራሳቸው፣ ስድስተኛው ኤልፒዲዮ። ከጂፑ ኋላ ተሰልፈው መዳፋቸውን አሳረፉበት። በመስታወት አየኋቸው፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሩፊኖን አልለመንኩትም። ቁልፉን ጠመዘዝኩ።

ወዲያው ተነሳ! እኔም ክላቹን ለቅቄ ተፈተለክሁ። ስድስቱም የተደገፉት ነገር ከፊታቸው ሲጠፋ እርስ በርስ ተነባበሩ፤ ኤልፒዲዮ አፍንጫውን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ "እንዲህ ነው እንጂ! ሂጂ! ሂጂ!" ይላል። ማሪቪክ በምጧ መሃል ሳቀች። ሳን ሆሴ እስክንደርስ አንዴ ስታምጥ አንዴ ስትስቅ ደረሰች።

ኦክቶበር 20 ሙት ዓመቱ ነበር። ጥቁሬን አወለቅኩ። ናናይን ጎኔ አስቀምጬ ወደ መቃብር ቦታው ሄድን። በሩ ላይ እንደ ልማዴ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ስለ ሕፃኑ ነገርኩት፣ ስለ ስድስቱ ሰዎች ነገርኩት። ስጨርስ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ተነሳ። አጠፋሁት። ጠመዘዝኩ። ተነሳ። አጥፍቼ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠመዝዝ ናናይ "አንቺ፣ ናፍታውን ልትጨርሺው ነው?" አለችኝ። እጀታዋን ነካኋት። ቀዝቃዛ ናት፤ እንደ ማንኛውም ብረት። ዓመት ሙሉ ያልመጣው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። ናናይ አልከለከለችኝም።

ከዚያ ወረድኩ። እጇን ይዤ ወደ ውስጥ ገባን። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው ቶቶ፤ ለካ ሣር በቅሎበታል። ነቀልኩለት። ሻማ አበራን። ወሬ አላበዛሁም፤ ሁሉን በሩ ላይ ነግሬው ነበርና።

ስንመለስ ጂፑ ውስጥ ተቀመጥን። ቁልፉን ያዝኩ። ሳልጠመዝዘው በፊት፣ እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ በምላሴ "ጠቅ" አደረግኩ።

ናናይ ቀና ብላ "ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ ናናይ" አልኳት፤ ቁልፉንም ጠመዘዝኩት።

ማናንግህ ሲታስ